ቀይ ክር የታሰረባት ኩባያ

ለምወድሽም ለምፈራሽም እናቴ፣

ከሁሉ በፊት ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ፣ ከደረጃው ጋር ታረቃችሁ ወይስ ዛሬም ትረግሚዋለሽ? ዐይንሽ ደህና ነው? ሦስተኛ ቤት ድረስ የሚሰማው ቁጣሽስ? እሱ ከደከመ ነው እኔ የምሰጋው። እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ፤ ክፉ አይሞትም የምትይው እውነትሽን ነው።

አንቺም አንባቢዋ፣ ይህን ለእማዬ ጮክ ብለሽ የምታነቢው ትንሿ እህቴ፣ የወለቀው ጥርስሽ በቀለ? ዛሬ አንድም መስመር እንዳትዘይ። ብትዘይ ከዚህ ሆኜ አውቅብሻለሁ። የፊደል ግድፈቴን ደግሞ ለአስተማሪሽ እንዳታሳዪብኝ። በበሩ ገብቼ በአጥሩ የምወጣ ተማሪ እንደነበርኩ ስለሚያውቁ አይደንቃቸውም።

ሥራዬ እንደነበረ ነው፤ በልብስ ማጠቢያ ቤቱ አንሶላ እተኩሳለሁ። ባለፈው ሳምንት ግን አንዱን አቃጠልኩት። አለቃዬ የካውያውን ቅርጽ አይቶ ምንድነው ቢለኝ፣ ጫማ ቁጥር አርባ ሁለት ነው ብዬው አሳቅሁት። እኔ አልሳቅሁም። ካውያውን የረሳሁት የናንተን ደብዳቤ ሳነብ ነው። የትንሿ ክርንና የጆሮዋ ጀርባ ላይ ቅርፊት ወጣባት ይላል። እሱን ቻልኩት። ቀጥላ ግን ከራሷ ጨምራ፣ “የአባዬ ኩባያ ለእኔ ተሰጠኝ” ብላ ጽፋለች፣ ሽልማት ይመስል። እዚያ ላይ ስደርስ ነው አንሶላው የጨሰው።

እማዬ፣ የደበቅሁሽ አለ። ያ፣ ይጋባል ብለን ኩባያ የለየንበት የአባዬ ቅርፊት፣ እኔም ላይ ከወጣ ሁለት ዓመት አለፈው። በጉልበቴ ጀመረ፣ ወደ ክርኔ ዞረ፣ ከዚያ ጀርባዬን ያዘው። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ይባል የለ፣ እኔ ዥንጉርጉርነቱን በቆዳዬ አወጣሁት። ጠዋት በጋራው መታጠቢያ ክፍል ሸሚዜን አውልቄ ዞር ስል መስታወቱ ውስጥ ያለው የአባዬ ጀርባ ነበር። ካልጋዬ ላይ ቅርፊቱን ስጠርግ፣ የሱን ወንበር ሥር የምትጠርጊበት የመጥረጊያ ድምፅ ይሰማኝ ነበር። “ዱቄት አከፋፋዩ” ብዬ ስም ያወጣሁለት እኔ አይደለሁ? ይስቅልኝ ነበር። ሲስቅ ዐይኑን አይቼው አላውቅም።

አብሮኝ የሚኖረው ወጥ ቤት ሠራተኛ፣ ጄኔራሉ የምንለው፣ አንድ ቀን ጀርባዬን አየብኝ። አሁን ኩባያዬን ይለይብኛል ብዬ ቆሜ ጠበቅሁት። እጄ ላይ ያለውን ሻይ ወስዶ ፉት አለና “ስኳር አንሶታል” ብሎ መለሰልኝ። በማግስቱ ሐኪም ቤት ይዞኝ ሄደ።

ሐኪሟ ሶሪያሲስ የሚባል የቆዳ ሕመም ነው አለችኝ። መጀመሪያ የጠየቅኋት፣ በኩባያ ይተላለፋል ወይ ብዬ ነው። “በኩባያም በፎጣም በመተቃቀፍም አይጋባም” አለችኝ፤ “በዘር ሊመጣ ይችላል እንጂ ከሰው ወደ ሰው አይዘልም።” ደግማ እንድትነግረኝ አደረግሁ። እማዬ፣ አባዬ ለብቻው የበላባቸውን ዓመታት ስንት እንደሆኑ አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ ቆጥሬ መጨረስ አልቻልኩም።

ቅባቱ አልበቃኝ ሲል መርፌ ታዘዘልኝ። መጀመሪያ ደሜንና ሳንባዬን መረመሩ፤ የተደበቀ የሳንባ ነቀርሳ ካለ መድኃኒቱ ይቀሰቅሰዋል አሉ። መርፌው እንደ ወፍራም እስክሪብቶ ነው፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጣል። ለጄኔራሉ የነብር ወተት ነው ብዬው ሦስት ቀን አምኖኛል። ነርሷ ሆድህን ቆንጥጥ ስትለኝ የሚቆነጠጥ ጠፋ፤ በጭኔ ተስማማን። በመጀመሪያ በየሳምንቱ ነበር፣ አሁን በወር አንዴ ነው፣ ራሴ እወጋለሁ። ግማሽ ሰዓት ከማቀዝቀዣው ውጭ አቆየዋለሁ፣ ከዚያ ጭኔ ላይ እጫነዋለሁ። ቃ ይላል። ሁለተኛው ቃ እስኪል አላነሳውም።

ያን ድምፅ ነው የማልችለው። አባዬ ኩባያውን ለብቻው ከተሰቀለበት ምስማር ሲያወርድ ቃ፣ ጠጥቶ ሲሰቅል ቃ። መርፌው አላመመኝም፣ ድምፁ ግን በየወሩ አባዬን ከኋላዬ ያቆመዋል። በሦስተኛው ወር ጀርባዬ ጠራ። መስታወቱ ፊት ቆሜ አባዬን ፈለግሁት፣ የለም። ሰው ከበሽታው ድኖ ያለቅሳል? እኔ አለቀስኩ። ሐኪሟ መድኃኒቱ ይይዘዋል እንጂ አይነቅለውም ብላለች፤ ካቆምኩ ሊመለስ ይችላል። አንዳንዴ ማቆም ያምረኛል፣ ለምን እንደሆነ ገብቶሻል። አላቆምም።

አሁን ወደ ጥፋቴ። ሁለቱ ነጭ ኩባያዎች፣ ያንቺና የአባዬ፣ መንትያ ናቸው፤ የአባዬን የሚለየው ጆሮው ላይ የታሰረው ቀይ ክር ብቻ ነበር። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለሁ ክሩን ፈትቼ ባንቺ ኩባያ ላይ አሰርኩት። እስክትነቁ ድረስ ልስቅ ነበር። ማንም አልነቃም። ቀናት ሲያልፉ ፈራሁ፤ ብናገር ትገድይኛለሽ፣ ዝም ብል ትታመሚያለሽ። ዝም አልኩ። አባዬ በልብ ሕመም እስኪሞት ድረስ ባንቺ ኩባያ ጠጣ። አንቺ በሱ። እኔ ላይ ሲወጣብኝ፣ ያንን ክር የነካው እጄ አመጣብኝ ብዬ ነበር።

ስለዚህ ለትንሿ ያወረድሽላት ኩባያ ያንቺው ነው። የአባዬ ዛሬም ያንቺ እጅ ላይ ነው፣ እስካሁን እየጠጣሽበት ቆዳሽ እንደ ሐር ነው። ካላመንሽኝ፣ አንባቢዋ፣ ንባቡን አቁሚና ተነሺ። እማዬ የምትጠጣበትን ገልብጪው። ሥሩ ላይ አባዬ በምስማር የጫራት ትንሽ ኮከብ አለች። እሷን አይታችሁ ተመለሱ።

አያችሁ? እንግዲህ ክሩን በጥሺው። ውሃ ቅጂ፣ በኮከቧ ኩባያ መጀመሪያ አንቺ ጠጪ፣ ከዚያ ለእማዬ ስጫት። ሰኞ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ ላንቺ መርፌ ላያስፈልግሽ ይችላል፣ ምናልባት ቅባት ይበቃሻል። ምስማሩን ንቀሉት። እማዬ፣ ምቺኝ ብልሽ ሩቅ ነኝ፤ ትንሿን ግን በኔ ፋንታ እንዳትመቻት፣ ይልቅ እቀፊያት፣ አጥብቀሽ።

አጎቴን ሰላም በይልኝ፤ ኮፍያውን የደበቅሁት እኔ ነኝ፣ ጣሪያው ላይ ይፈልግ። አክስቴን ጉንጯን ሳሚልኝ። የጎረቤታችንን ሽማግሌ ሰላም በያቸው፣ ድመታቸውንም። ወደ አባዬ መቃብር ስትሄዱ የኮከቧን ኩባያ ይዛችሁ ሂዱ። የጠጣው ባንቺ ኩባያ እንደነበር ንገሪው። ይስቃል፣ ያኔ ዐይኑን እይልኝ።

የማይረባው ልጅሽ፣
ከማጠቢያ ቤቱ ጀርባ ካለችው ክፍል፣
ኅዳር ፲፱ ቀን፣ ሁለተኛው ቃ ካለ በኋላ