ማህተም ያረፈበት ቀልድ

ጥቅምት 6፣ ረፋድ 4 ሰዓት

የማተሚያው ቀለም ዛሬም አለቀ። አውጥቸ ነቀነቅሁት፣ ሦስት ገጽ ተፋልኝና ዝም አለ። ደንበኛ የለም። እንግዲህ አንተ ደብተር፣ ተራው ያንተ ነው። ጀርባህ ላይ የማባዣ ሠንጠረዥ ተሸክመህ ሰባት ሲባዛ በስምንት ስንት እንደሆነ ትዝ የማይልህ። እኔም አላውቀውም፣ አንወቃቀስ። ዐሥረኛን ጥየ ፎቶ ኮፒ ቤት የገባሁ ሰው ነኝ።

ወሬ አለኝ። እታለም ውጭ አገር ያለ የንግድ ት/ቤት ልታመለክት ነው። ታላቅ እኅቴ ይታይሽ ማለቴ ነው፣ ሌላ እታለም የለኝም። ንግድ ገበያ ቆመው የሚማሩት ይመስለኝ ነበር፣ ለካ ሁለተኛ ዲግሪ አለው። ያለፈን ሰው ከነምግቡ ያስተምሩታል። ስንት ሰው ይወስዳሉ አልኳት። ጥቂት። ስንት ያመለክታል? የዓለም ሕዝብ። ከዚያ ትርንጎ አፍሽን ዝጊ አለችኝ።

ባይሆንስ? ባይሆን ዐረብ አገር ትመለሳለች፣ የድሮ እመቤቷ ቤት። ደላላው ፓስፖርቷን ከወሰደ ሰነበተ። እስከ ኅዳር ሚካኤል ቁርጡን ትነግረዋለች።

ይኼን የነገረችኝ ካልሲ እያጠበች ነው። ፊቷን ላይ ብል አላሳይ አለችኝ።

ጥቅምት 9፣ ከሰዓት

ጥያቄዎቹን አየኋቸው። ሒሳብ ብቻ መስሎኝ ነበር። የሒሳቡን ፈተና ክረምት ላይ ባ/ዳር ወርዳ ጨርሳዋለች፣ ጥሩ አመጣች። የቀረው ወሬ ነው። የወደቅሽበትን ጊዜ ንገሪን። ሰው የመራሽበትን ጊዜ ንገሪን። ከአምስት ዓመት በኋላ የት ነሽ? እንዲህ ያለውን ነገር ጎረቤት ሲጠይቅ ነገረኛ ይባላል፣ ት/ቤት ሲጠይቅ ማመልከቻ።

ግን በላኝ። ሰው ምን ይል ይሆን? በከተማው ሞከርኩት።

የፊት ለፊቱ ሕንጻ ዘበኛ፣ ጋሽ አዱኛ። ከአምስት ዓመት በኋላ የት ይሆናሉ? ወንበሩ ከቆየ እዚሁ በር ላይ፣ አሉኝ። እማን ስለ ውድቀት ጠየቅኋት። ምስር እየለቀመች ነበር፣ ቀና እንኳ አላለች። ስንቱን ብየ፣ ወረፋ ይያዙ አለች። አባን ጠየቅኋቸው። ጋቢያቸውን አነሱና ወጡ።

ለምን እንደወጡ አውቃለሁ። ሌላ ቀን እነግርሃለሁ።

ጥቅምት 14

እታለም የጻፈችውን በአማርኛ እየመለሰች አነበበችልኝ። እንቅልፌ መጣ። እኛ አሻሻልን፣ እኛ ተወያየን፣ በእኛ ጥረት። የሚሊሻ ስብሰባ ይመስላል። እዚያው ት/ቤት የተማረ አንድ ሰው በኢሜይል አይቶላት ነበር፣ “እኛ” ባለችበት ሁሉ ቀይ አድርጎ መልሶታል። ከታች አንድ መስመር ብቻ፦ አንቺ የት ነሽ?

ምን ይገርማል፣ እኔም እሱን ልጠይቅ ነበር። እኔ እኔ ማለት ነውር ነው አለችኝ። ታዲያ እነሱ የሚወስዱት አንቺን ነው ወይስ ቀበሌውን? ጫማ ወረወረችብኝ። ሳተችኝ።

የሥራ ልምዷንም አየሁት። ዲግሪዋን ከያዘች በኋላ ትዘልና አሁን የምትሠራበት የድንች ዘር ማኅበር ላይ ታርፋለች። መሐል ላይ ሦስት ዓመት የለም። ዐረብ አገርስ? “የሰው ድስት አጠብኩ ብየ ልጻፍላቸው?” አለችና ኮምፒውተሩን ዘጋችው።

ከዚያ በኋላ አልቀለድኩም። ለአንድ ሰዓት ያህል።

ጥቅምት 20፣ ጠዋት

የአባን ነገር ልንገርህ፣ ሰው ሳይገባ።

ማኅበሩ ከገበሬው የዘር ድንች ተቀብሎ እስከ መዝሪያ ያስቀምጣል። ጆንያው ሁሉ ተቀላቅሎ ይከመር ነበር። የአንዱ ከበሰበሰ ሌላውን ያበላሻል፣ የማን እንደሆነ አይታወቅም፣ ሁሉም ሌላውን ያማል። እታለም በተቀጠረች በሁለት ወሯ ካርቶን ቆርጣ በእያንዳንዱ ጆንያ ላይ በሲባጎ አሰረች። የባለቤቱ ስም፣ የመጣበት ቀን። ገበሬው ተቆጣ፣ ሌባ አደረገችን አለ። እሺ ከቤቴ ልጀምር አለች። የአባን ጆንያ መጀመሪያ አስፈታች፣ ሰው ሁሉ ቆሞ እያየ።

የበሰበሰው የአባ ነበር። ሽታው እስካሁን አፍንጫየ ውስጥ አለ።

አባ ጆንያቸውን ጥለው ሄዱ። ጾሙን ሙሉ አላናገሯትም፣ የተናገሩት በፋሲካ ጾሙ ሲፈታ ነው፣ እሱም ጨው አቀብይኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ሁሉም ድንቹን እቤቱ ለቅሞ ያመጣል። የሰው ስም ካርቶን ላይ ሲንጠለጠል ሌላ ነው።

አሁን የሚገርመኝን ልንገርህ። ያንን ካርቶን የት ተማረችው? እመቤቷ ማቀዝቀዣ ውስጥ። እዚያ ቤት እያንዳንዱ ሳህን ቀን ተጽፎ ይለጠፍበታል። አየህ፣ የደበቀችው ሦስት ዓመት ነው የድንቹን መጋዘን ያዳነው። እሷ ግን “እኛ አሻሻልን” ትላለች።

ጥቅምት 22

የድጋፍ ደብዳቤ ተፈለገ፣ ካሠራት ሰው። የማኅበሩ ኃላፊ ጋሽ ፈንታሁን እንደ ማንኛውም ኃላፊ መለሱ፦ ጽፈሽ አምጪ፣ ማህተሙን እኔ። የዚህ አገር ደንብ ነው። ተመስጋኙ ይጽፋል፣ አመስጋኙ ይመታል።

ጸሐፊው ደግሞ እኔ። እዚህ ኮምፒውተር ውስጥ አንድ ደብዳቤ አለ፣ ከተማው በሙሉ በሱ ነው የተቀጠረ። ትጉህ፣ ታዛዥ፣ ከሰው ተግባቢ። ስም ብቻ እቀይራለሁ። አንዴ ጾታውን ረስቸ አንድ ጢማም ሹፌር “በሥራዋ የተመሰገነች” ተብሎ ሥራ ገባ።

የእታለምን አተምኩ። ከዚያ እጄ አላርፍ አለ። ሌላ ጻፍኩ፣ በአማርኛ፣ እሷን ለማሳቅ።

“ለሚመለከተው ሁሉ። ይታይሽ ዶሮ ትፈራለች። ሦስት ዓመት ዐረብ አገር ሰው ቤት ሠርታ ያመጣችልን ትልቁ ዕቃ ቀን የመለጠፍ አመል ነው፤ ቤታችን ውስጥ ቀን ያልተለጠፈብኝ እኔ ብቻ ነኝ። በዚሁ አመሏ የአባቷን ጆንያ በሰው ፊት አስፈትታ ጾሙን ሙሉ ብቻዋን በላች። መጋዘኑ ግን ዳነ። እንዲህ ያለች ግትር ከፈለጋችሁ ውሰዱልን።”

ከእውነተኛው ሥር ፋይሉ ውስጥ ሸጎጥኩት። ስትከፍተው ትስቃለች።

ጥቅምት 23፣ 5 ሰዓት

አልከፈተችውም። ፋይሉን እንዳለ ጋሽ ፈንታሁን ጠረጴዛ ላይ ትታው መጥታለች።

እታለም ስለ ዐረብ አገሩ ለመ/ቤቷ ሰው አንድም ቀን ተንፍሳ አታውቅም።

ጥቅምት 24

መጡ። ጋሽ ፈንታሁን ራሳቸው፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው። እታለም ከእኔ ጋር ነበረች። ሁለቱን ወረቀት አወጡ። የመጀመሪያው ማህተም አላረፈበትም።

“ይኼን አውቀዋለሁ፣” አሉ። “የቀጠርኳቸው ሁሉ ይዘውት መጥተዋል። ሹፌሬም በሥራዋ የተመሰገነች ነው።”

ጠረጴዛ ሥር ልገባ ምንም አልቀረኝ።

ሁለተኛውን ገለበጡት። ቀልዱ ላይ ክብ ሰማያዊ ማህተም ቁጭ ብሏል። ማን ጻፈው አሉ። እኔ ነኝ፣ ለሳቅ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ አልኩ። እውነት ነው ወይ አሉ። እታለም ወረቀቱን አነበበች። ፊቷ በርበሬ መሰለ። ስለ ዶሮው ይሆን ስለ ሌላው አላወቅሁም።

ጋሽ ፈንታሁን ቁጭ አሉ። ሴት ልጃቸው አሁን ዐረብ አገር ነች፣ አራተኛ ዓመቷን ይዛለች። አናውቅም ነበር። “እሷም ስትመጣ እንዲህ ልትደብቀው ነው?” አሉ። እታለምን ነው የጠየቁት። እሷ ወረቀቱን እንደገና ከላይ ጀምራ ማንበብ ያዘች።

ይኼ ለት/ቤት አይላክም፣ የራሴን እኔው እጽፋለሁ ብለው ወጡ። ማህተም ያለበትን ወረቀት ለእታለም ትተውላት ሄዱ።

ጥቅምት 27

ሦስት ቀን ሆነ አላናገረችኝም። ጨው አቀብይኝ እንኳ የለም። አባን መሰለች።

ጥቅምት 30

ት/ቤቱ ደብዳቤውን ከጋሽ ፈንታሁን ከራሳቸው ኢሜይል ነው የሚቀበለው። ኢሜይል የላቸውም። ከፈትኩላቸው። የይለፍ ቃሉን ወረቀት ላይ ጽፈው ማህተም ሊመቱበት ነበር፣ አስጣልኳቸው። እንግሊዝኛውን ከመዝገበ ቃላት ጋር ራሳቸው ጻፉት፣ ለእኛ አላሳዩንም። ምን ብለው ይሆን? እንዳትጠይቂኝ አሉ። ገና አፌን ሳልከፍት።

ኅዳር 2

አናገረችኝ። የአባን ነገር ልጽፈው ነው፣ ግን ሳላስፈቅድ አልጽፍም አለች። አብሬ ገባሁ፣ የሚሆነውን ላይ።

አባ ኮስተር ብለው ሰሟት። ውጭ አገር ሰው ሊያነበው ነው? አዎ። ጋቢያቸውን አነሱ፣ ግን አልወጡም። ከዚያ፦

“ሁለት ነበር።”

“ምኑ፣ አባ?”

“የበሰበሰው ጆንያ። አንዱን ካርቶን ሳታስሪበት በአጥር አውጥቸ ጣልኩት። ከጻፍሽ አይቀር ልክ አድርገሽ ጻፊ።”

እታለም ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ ጻፈች። እኔ በርቺ በርቺ እያልኩ ከጎኗ። ሦስቱን ዓመትም ባዶው ቦታ ላይ አስገባችው። የቤት ሠራተኛ፣ ከዚህ እስከዚህ። “እኔ” የሚለውን ቆጠርኩ። ዘጠኝ። ቀበሌው ወጥቷል።

ኅዳር 8፣ ከሰዓት

የመጨረሻው ገጽ የፓስፖርት ቅጂ ይላል። ፓስፖርቱ ያለው ደላላው ዘንድ ነው። ከወሰድሽ ቦታሽን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ አለ። እመቤቷ አትጠብቅም። የት/ቤቱ መልስ የሚመጣ ከጥምቀት በኋላ ነው፣ ያውም ከመጣ።

የደላላው ሱቅ በር ላይ ቆምን። እኔ ቀልድ ፈለግሁ፣ አንድም አጣሁ። እታለም ገባች። ስትወጣ እጇ ላይ ቀዩ ፓስፖርት አለ። ምን ብለሽ ወሰድሽ አልኳት። የኔ ነው አልኩት አለች።

ኅዳር 9፣ 4 ሰዓት ተኩል

ሁሉም ተጭኗል። የቀረ አንድ ጥያቄ፦ ይኼን ማመልከቻ ሲያዘጋጁ የረዳዎት ሰው አለ? ካለ ይግለጹ።

እየገለጸች ነው። ፊትሽን አዙሪ አለችኝ። አዞርኩ፣ ለዚህ ነው ለአንተ የምጽፈው። ቁልፎቹን ግን እሰማለሁ። ብዙ ነው የምትጽፈው። ያን ማህተም ያለበትን ወረቀት ከጎኗ ዘርግታዋለች፣ ጥጉ ላይ ካርቶን አስራበታለች፣ ስምና ቀን። የኔ ስም።

በመስኮቱ መስተዋት አየሁ። ትርንጎ ይላል። ከሱ ቀጥሎ ያለው ቃል ረጅም ነው፣ አላውቀውም። ፊደሎቹን ልገለብጥልህ ነበር፣ ስታየኝ እጇን ጫነችበት። ምን ማለት ነው አልኩ። ዐሥረኛን ጨርሰሽ አንብቢው አለች።

የማታ ትምህርት ምዝገባ መቼ ነው የሚዘጋው? ጋሽ አዱኛ ያውቃሉ፣ እጠይቃለሁ።

ላክ የሚለው ላይ ደርሳለች። እኔ ልጫነው አልኩ። አይሆንም አለች። ከዚያ እጄን ከነእስክሪብቶው ያዘችና—