በራሱ የሚዘጋው በር

የካቲት 2
ቀኑን ሙሉ አዳራሽ። ኤግዚቢሽኑ ሊከፈት አሥራ ሁለት ቀን ቀረው። ስለ ትዝታ ከሠራኋቸው አምስት ሥራዎች አራቱ ይንቀሳቀሳሉ፣ ያበራሉ። አንዱ አምፖል ግን አሳሬን አበላኝ... ቀየርኩት።

የቀረኝ በሩ ነው። የልጅነት ቤታችን የብረት በር፣ ልክ በልኩ። ሞተር ይከፍተዋል፣ ከኋላው መብራት ይበራል፣ የትንሽ ልጅ ጥላ ግድግዳው ላይ እየተራመደ ይወጣል። ታናሻችን። ሦስት ዓመቱ ነበር። በሩን ክፍት አገኘው፣ ወጣ፣ መኪና ገጨው። ሠላሳ ዓመት ሆነው።

በሩን ሳይዘጋ የሄደው ታላቅ ወንድሜ ነው። "ጋሼ ነው መጨረሻ የወጣው" ብዬ ለእማዬ የነገርኳት እኔ ነኝ። ሰባት ዓመቴ ነበር።

የካቲት 4
በሩን የሚሠራልኝ በያጅ ሄዶ የድሮውን በር ለካ። ቤቱን የገዙት ሰዎች አልቀየሩትም።
"ምሰሶው ያዘመመ ነው። ላቃናው?"
"እንዳታቃናው! ጠማማውን እንደ ጠማማነቱ ሥራልኝ።"
"እሺ እህቴ፣ ጠማማ መሥራት እንኳ አያቅተኝም።"

የካቲት 5
እማዬ ጋ ደወልኩ። ለመክፈቻው ጋሼንም ጠርቼዋለሁ አልኳት። ስለ መብራት መጥፋት ማውራት ጀመረች። እሱ ሲነሳ ሁሌም እንዲህ ናት... በአሥራ ሰባት ዓመቱ ከቤት ሲወጣም አልከለከለችውም።

የካቲት 8
በሩ ተሰቀለ። ሞተሩ ከፈተው። ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ሞተሩን አጠፋሁ... ጓ! ተዘጋ። አሥር ጊዜ ሞከርን። አሥሩንም ጓ!
"ምን አበላሸህ?" ጮህኩበት።
"ምንም! ምሰሶው ስላዘመመ በራሱ ይዘጋል። የድሮውም ያው ነው፣ ጣቴን ሊቆርጠኝ ነበር። ድንጋይ ካላስደገፉት ክፍት አይቆይም።"

ድንጋይ።

ቁጭ አልኩ። መቀርቀሪያው ከፍ ያለ ነው። ጋሼ ይደርስበት ነበር፣ ድንጋይ ምን ያደርግለታል? የማልደርስበት እኔ ነበርኩ። ለጨዋታ ስወጣ፣ ተመልሼ መግባት እንዳያቅተኝ፣ ድንጋይ አስደግፍ ነበር። በሁለት እጄ ተሸክሜ። ያን ቀንም... አዎ። ያን ቀንም። ከጋሼ ኋላ የወጣሁት እኔ ነኝ።

የካቲት 9
ግን ድንጋይ ከነበረ እማዬ እንዴት አላየችውም? ምናልባት እኔ አይደለሁም... ልቤ በዚህች ቀዳዳ ሊያመልጥ ፈለገ። አፈርኩበት።

የካቲት 11
ጋሼ ጋ ደወልኩ።
"ምነው ድምፅሽ?"
"ጉንፋን ነው።"
ጉንፋን! ፈሪ ነኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። ሠላሳ ዓመት ማደር አይበዛም? መልሼ ደወልኩ፣ ከመክፈቻው በፊት ብቻህን ና አልኩት።

የካቲት 13
መጣ። ሞተሩን አጥፍቼ በሩን ድንጋይ አስደግፌዋለሁ።
"ያን ቀን ድንጋዩን ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ" አልኩት።
በሩን ዞረው። ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን ነካ።
"አውቃለሁ። ከእማዬ ቀድሜ የደረስኩት እኔ ነበርኩ። ቦይ ውስጥ ወርውሬዋለሁ።"
"ለምን?"
"ሰባት ዓመትሽ ነበራ!"
ላቅፈው ስል በእጁ ገታኝ።
"ስታድጊ ትናገሪያለሽ ብዬ ጠበቅኩ።"
"ረስቼው እኮ ነው ጋሼ!"
"እኔስ እንድረሳ ማን ፈቀደልኝ?"
ሄደ። አልተከተልኩትም። በምን ፊቴ?

የካቲት 14
የመክፈቻው ቀን። ይህን የምጽፈው እማዬ ሳሎን ነው። ጠዋት መጥቼ ሁሉንም ነገርኳት፣ ጋሼ ድንጋዩን እንደደበቀልኝ ጭምር። አልጮኸችም። አልረገመችኝም።
"ደውይለት" አለች።
ደወልኩ። አላነሳም።
"ድገሚ።"
ደገምኩ። አላነሳም። አዳራሹ ተከፍቷል፣ ሰው ሁሉ የት ገባች እያለ ነው። እማዬ ጫማዋን አድርጋ በር ላይ ቆማለች። የወንድምሽን ቤት ታውቂዋለሽ ወይ አለችኝ። አውቀዋለሁ አልኳት። እየወጣን ነው።