የታጠቡት የምስጥ ማጥመጃዎች

ለተከበሩ የመኖሪያ ቤቶች አስተዳደር ኃላፊ፣

ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የጸና፣ የወንበርዎም እግር ከምስጥ የተሰወረ ይሁን። እኛ ደህና ነን፤ ግድግዳውን ስናንኳኳው እንደ ከበሮ ይመልስልናል እንጂ ሌላ የጎደለብን የለም።

እኔ ከአልጋ ከማትነሣው ታላቅ እህቴ ጋር በግቢዎ የመጨረሻ ቤት የምኖር፣ ጎረቤቱ ሁሉ «አጎቴ» የሚለኝ ሰው ነኝ። የምጽፈው ለመክሰስ አይደለም። ለመናደድም አቅሙ አልቆብኛል። ለማመስገን ነው።

1. የምስጥ ባለሙያው በቤታችን ዙሪያ የቀበራቸውን የፕላስቲክ ማጥመጃዎች ጽሕፈት ቤትዎ ስላልዘነጋቸው አመሰግናለሁ። ባለሙያው መጀመሪያ እንጨት ብቻ እንደሚያደርግባቸው፣ ምስጡ ሲለምድ እንጨቱን ቀስ ብሎ በሚገድል መርዝ እንደሚተካው፣ ምስጡም መርዙን ተሸክሞ ሄዶ ንግሥቲቱን እንደሚያጎርሳት፣ እስከዚያ ግን ማንም እንዳይነካቸው ነግሮን ነበር። እህቴ «ጠላቴን ቀልቤ ልግደለው እንዴ?» ብላ ሳቀች። ያኔ ትስቅ ነበር።

2. ምስጡ ማጥመጃዎቹን ሞላቸው። እኛም ደስ ብሎን ባለሙያውን ከነመርዙ ስንጠብቅ የግቢ ንጽሕና ተቆጣጣሪዎ ቀደሙት። ክዳኑን ከፍተው ምስጡን ሲያዩ በእኛ አፈሩ፤ «አጎቴ፣ በዚህ ዕድሜዎ ይሄን ሁሉ ጉድ ያረባሉ?» ብለው ማጥመጃዎቹን አስነቀሉ፣ በበረኪና አሳጠቡ፣ ፀሐይ ላይ አስጥተው ሲያበቁ እንግዳ እንዲያያቸው ከአጥሩ በር አጠገብ በሰልፍ አስቀበሯቸው። ላስረዳ ብሞክር «መመሪያ ነው» አሉኝ። መመሪያ ፊት ደግሞ ከምስጥ በቀር ማን ወደፊት ይሄዳል?

3. ምስጡ በረኪና የሸተተውን ሁሉ እርም ብሎ የእህቴን ክፍል ጣሪያ የተሸከመውን ወራጅ እንጨት ያዘ። ጣሪያው አልጋዋ ላይ ስለጎበጠ አልጋዋን ወደ ማድቤት አዛወርነው። በድስቶቹ መሐል ተኝታ፣ «ወንድሜ፣ ክፍሌ የምመለሰው መቼ ነው?» ትለኛለች። ለቀልድ የማልሰንፈው ሰውዬ ድስት አጥባለሁ።

4. በመጨረሻው ግምገማ «ማጥመጃዎቹ ከምስጥ የጸዱ ቤት» ብለው በስምዎና በማኅተምዎ የምስጋና ወረቀት ስለሸለሙን እጅ እነሣለሁ።

ልመናዬ አንዲት ናት። ባለሙያው ማጥመጃዎቹን እንደገና ሲቀብር ተቆጣጣሪዎ እንዳይረዱን ይዘዙልን። ወራጁ ክረምቱን ከቻለ እህቴ ክፍሏ ትገባ ይሆናል።

ከትልቅ አክብሮት ጋር፣ በገዛ ጣሪያው ሥር አንገቱን ደፍቶ የሚራመድ፣ ንጽሕናው በመመሪያ የተረጋገጠለት ተከራይዎ፣

አጎቴ፣ ከመጨረሻው ቤት

ማሳሰቢያ፦ የምስጋና ወረቀቱን በእህቴ ክፍል ግድግዳ ላይ ሰቅለነው ነበር። ትናንት ሳወርደው ምስጥ ከጀርባው በልቶታል፤ «የጸዱ» የሚለውም የለም፣ ስምዎም የለም። ሌላ ቢልኩልን ማጥመጃው ውስጥ እናደርገዋለን፣ ወዶታልና። ማኅተሙን ብቻ ትቶታል፤ ለካ ምስጥም የማይውጠው ነገር አለ።