ፔዳላቸው የወለቀ ሃያ ሁለት ሳይክሎች

ይድረስ ለከተማችን የአደጋ ዝግጁነት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ይህን የምጠይቀው ለወጉ ያህል አይደለም፤ በመጪው ሳምንት በሚከበረው የዝግጁነት ቀን ሰልፉን በሳይክል ከፊት ሆነው እንደሚመሩ በጽሕፈት ቤትዎ በር ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ካነበብኩ ወዲህ የክቡርነትዎ ጉልበት ያሳስበኛል።

እኔ ከገበያው ጀርባ ባለችው ጠባብ ወርክሾፕ በርና መስኮት የምሠራው አናጺ ነኝ። የምኖረው ከታላቅ እህቴ ጋር ሲሆን፣ እናታችን ካረፈች በኋላ ያሳደገችኝ፣ ዛሬም ፀጉሬ ሸብቶ እያየች በልተሃል ወይ ብላ የምትቆጣኝ እሷ ናት። እትዬ የስኳር ሕመምተኛ ስለሆነች በየቀኑ ኢንሱሊን ካልተወጋች አይሆንላትም፤ መድኃኒቱ የሚሰጣት ደግሞ ከኮረብታው ማዶ፣ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ርቆ በሚገኘው ሆስፒታል፣ በየወሩ የመጀመሪያ ማክሰኞ ነው። ስለዚህም ከሳይክሌ ኋላ ሰፊ መቀመጫ ከነመደገፊያው ሠርቼላት፣ እሷ ቀስ በል እያለች ስትጮኽብኝ፣ እኔ ዳገቱ ላይ ወርጄ እየገፋኋት፣ የጽሕፈት ቤትዎ አሳቢነት እስኪደርስብን ድረስ ዘጠኝ ዓመት በሰላም ተመላልሰናል።

ከዚህ በታች ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ቅሬታ ብዬ እንዳልጠራው አስተዳደጌ ያዘኝ።

አንደኛ፤ ስለ ሥልጠናው አመሰግናለሁ። አሠልጣኙ፣ ሳይክል ነዳጅ እንደማይጠይቅ፣ መኪና በማያልፍበት እንደሚያልፍ፣ መንገድ ቢዘጋ እንኳ በትከሻ ተሸክመውት እንደሚሻገሩ በሥዕል እያሳዩ ሲያስረዱን፣ ከአዳራሹ ሰው ሁሉ አብልጬ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ። ዛሬ እጄን ይቁረጠው እንዳልል፣ እጄ መተዳደሪያዬ ነው።

ሁለተኛ፤ ሥልጠናው ካለቀ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው፣ በሰፈራችን ያሉ ሳይክሎች በሙሉ ለአደጋ ጊዜ ዝግጁ እንዲሆኑ ተመዝግበው መጋዘን እንዲገቡ ስላዘዙልን አመሰግናለሁ። ሃያ ሁለት ሳይክሎች በአንድ ቀን ገቡ፤ የሰፈራችን ሳይክል ጠጋኝም የሚጠግነው ስላጣ መፍቻውንና ፓምፑን ጠቅልሎ፣ የቀረችውን ዕቃ ሸጦ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። እኔም ሳይክሌን ሳስረክብ የእህቴን ነገር ባስረዳ፣ መዝጋቢዋ በትሕትና፣ ሕመም በመመሪያው ላይ አደጋ ተብሎ እንዳልተዘረዘረ፣ እውነተኛ አደጋ ሲመጣ ግን ሳይክሉ በደቂቃዎች ውስጥ እጄ እንደሚገባ አረጋገጡልኝ። ከዚያ ወዲህ እትዬን ይዤ ሚኒባስ ስጋፋ ከረምኩ።

ሦስተኛ፤ እውነተኛው አደጋ በአንዱ ወር የመጀመሪያ ማክሰኞ ጠዋት መጣ። ሌሊቱን ሲዘንብ ያደረው ዝናብ ኮረብታውን ንዶ መንገዱን ዘጋው፤ ሚኒባሶቹ ተሰልፈው ቆሙ፤ ቤት የቀረው የእትዬ መድኃኒት ለዚያው ቀን ብቻ የሚበቃ ነበር። ወደ መጋዘኑ ሮጥኩ። ንብረት ጠባቂው ደግ ሰው ናቸው፤ ሳያንገራግሩ ከፈቱልኝ። ሳይክሎቹ ተወልውለው፣ ቁጥር ተጽፎባቸው፣ መስመር ይዘው ቆመዋል፤ አንዳቸውም ግን ፔዳል የላቸውም። ንብረት ጠባቂው አንገታቸውን ደፍተው እንዳስረዱኝ፣ ሌባ እንዳይነዳቸው በክቡርነትዎ መመሪያ አርባ አራቱም ፔዳሎች ወልቀው በዋናው መሥሪያ ቤት ካዝና ተቆልፎባቸዋል፤ ዋናው መሥሪያ ቤት ደግሞ ከናዳው ማዶ ነው። ጉድ እኮ ነው! በእርግጥ መመሪያው ሠርቷል፤ ከሃያ ሁለቱ ሳይክሎች አንዱንም የሰረቀ የለም፤ አንዱንም የነዳ የለም።

አራተኛ፤ ስለ ቅጹ። ንብረት ጠባቂው ስለ እኔ ተጨንቀው ዋናው መሥሪያ ቤት ቢደውሉ፣ ፔዳል የሚለቀቀው የአደጋ ጊዜ መጠየቂያ ቅጽ በሦስት ቅጂ ተሞልቶ፣ አደጋው ከመድረሱ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ሲቀርብ ብቻ እንደሆነ ተነገራቸው። ቅጹንም አየሁት፤ አደጋው የሚደርስበት ቀንና ሰዓት የሚል ክፍት ቦታ አለው። እኔ አናጺ እንጂ ነቢይ ስላልሆንኩ ምን ብዬ እንደምሞላው ሳሰላስል፣ እሳቸውም በደወሉ ቁጥር ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲተላለፉ፣ ግማሽ ቀናችን አለቀ።

አምስተኛ፤ በእግሬ ተነሣሁ። ናዳውን በሥዕሉ ላይ እንዳለው ሰውዬ ተሻገርኩት፤ ልዩነታችን እሱ ትከሻው ላይ ሳይክል መኖሩ ነው። ማዶ ስደርስ በዋናው መሥሪያ ቤት ባልፍ፣ የካዝናው ቁልፍ በእርስዎ እጅ እንደሆነ፣ እርስዎም በአስቸኳይ ስብሰባ ላይ እንዳሉ ተነገረኝ፤ የስብሰባው አጀንዳ መንገድ ሲዘጋ ስለሚኖረው የሳይክል አጠቃቀም መሆኑን በሩ ላይ ያሉት ጥበቃ በጆሮዬ ሹክ አሉኝ። አንድ ሰዓት ጠብቄ ተስፋ ቆረጥኩ። ሆስፒታል ስደርስ የመድኃኒት ክፍሉ ተዘግቷል፤ ድንገተኛ ክፍል ያሉት ነርስም ሕመምተኛዋን ሳናይ አንሰጥም አሉኝ። በማግስቱ የመድኃኒት ክፍሉ ሲከፈት ተቀብዬ እየሮጥኩ ስመለስ እትዬን ራሷን ስታ አገኘኋት። መድኃኒቱ በእጄ ነበር፤ ነገሩ ግን ከአንድ መርፌ አልፏል።

ስድስተኛ የሚለውን ቁጥር ሦስት ጊዜ ጽፌ ሰረዝኩት፤ ለዚህኛው የሚሆን የምስጋና ቃል አጣሁ። የቤቴን በር ከነማጠፊያው ነቀልኩና እትዬን አስተኛንበት። ዳቦ ጋጋሪዋ ጎረቤታችን፣ የትምህርት ቤቱ ዘበኛና ሁለት ግንበኞች ቅጽ ሙላ ሳይሉኝ እየተፈራረቁ ተሸክመው፣ ጭቃውን አሻግረው ሆስፒታል አደረሱልኝ። በሦስተኛው ቀን ዓይኗን ስትገልጥ መጀመሪያ የጠየቀችኝ፣ ቤቱን ያለ በር ለማን ጥለኸው መጣህ ብላ ነው። ሳቅሁ፤ ከዚያ ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ክቡር ሆይ፣ በጨዋ አማርኛ ልሸፍነው ብሞክር አልሆነልኝምና ይወቁልኝ፤ አንጀቴ አርሯል።

አሁን ዝናቡ ሊመለስ ጥቂት ሳምንታት ቀርተውታል፤ ኮረብታው ላይም አዲስ ስንጥቅ ታይቷል። ሳይክሌ እንዲመለስልኝ ሦስት ጊዜ አመልክቼ፣ ትናንት በማኅተም የደረሰኝ መልስ፣ ንብረቱ ለአደጋ ጊዜ የተያዘ በመሆኑ አደጋ በሌለበት ወቅት ሊለቀቅ እንደማይችል ይገልጻል። አደጋ ባለበት ወቅት የሚሆነውን ደግሞ ከላይ ጽፌዋለሁ። እንግዲህ እህቴን በየትኛው ወቅት ላድናት እንደምችል ቢነግሩኝ፣ ቀኑን ቅጹ ላይ እሞላዋለሁ።

ካዝናዎ እንደተቆለፈ፣ ስብሰባዎ እንደተሟላ፣ ከፊትዎም ናዳ ሳይገጥምዎ ዘመንዎ እንዲረዝም እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እሰናበትዎታለሁ፤

አናጺው፣
የሳይክል ቁጥር አሥራ ሰባት የቀድሞ ባለቤት፣
የእትዬ ታናሽ ወንድም።

ድኅረ ጽሑፍ፤ ባለፈው ሳምንት ጽሕፈት ቤትዎ ለፔዳሎቹ ማስቀመጫ የሚሆን የእንጨት ሣጥን አሠርቶኝ ነበር። በትእዛዙ ላይ አርባ ሦስት ተብሎ ስለተጻፈ አርባ ሦስት ክፍልፋይ ሠርቼ ባስረክብ፣ አርባ አራተኛው ፔዳል ቦታ አጣ፤ ጸሐፊዎም ሣጥኑ እስኪሻሻል እኔ ዘንድ እንዲቆይ አስፈርመው ሰጡኝ። ጠርዙ በጫማዬ የተበላ የራሴ ፔዳል ነው። ለሰልፉ የተመረጠልዎ ሳይክልም፣ ሰፊው መቀመጫው ባነር ለመስቀል ይመቻል ተብሎ፣ ቁጥር አሥራ ሰባት መሆኑን ሰምቻለሁ። እንግዲህ ፔዳሉ ያለው የእትዬ መድኃኒት ማስቀመጫ ላይ ነው፤ ለመግፋት ፔዳል አያስፈልግምና ሌላኛውን ፔዳሉን ከካዝናው ይዘው፣ ሳይክሉን እየገፉ ቤታችን ድረስ ይምጡ፤ ቅጽም አልጠይቅዎትም፣ በደቂቃ ውስጥ እገጥምልዎታለሁ። ማስታወቂያውን ደግሜ ሳየው ሰልፉ የሚውለው በወሩ የመጀመሪያ ማክሰኞ ነው፤ ስለዚህ እትዬ ለባብሳ ከበሩ ላይ ትጠብቅዎታለች። ዳገቱ ላይ ሲደርሱ እርስዎ ወርደው ይግፉ እንጂ እሷን አያስወርዷት።