ከመቶ ዘጠና ስድስት አግኝታ ዝም ስላለችው ልጄ

ለተከበሩ ኡስታዛ ሰዓዳ፣
የነሲም የድምፅ ማሠልጠኛ መሥራች፣ ዳይሬክተርና ብቸኛ መምህርት፣
ጅግጅጋ ያር፣ ሐርጌሳ

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ከሁሉ አስቀድሜ አላህ ሙሉ ጤና እንዲሰጥዎ፣ በተለይም ሳይታክቱ ስለ እሱ የሚያስተምሩትን ድያፍራምዎን ከሳልና ከዚህ ከተማ አቧራ እንዲጠብቅልዎ ዱዓዬ ነው። ቢልቂስ እባላለሁ፤ ኮድቡር ውስጥ ልብስ እሰፋለሁ፤ ሰባት ወር ሙሉ እርስዎ ዘንድ መንዙማ ልትማር የተመላለሰችው የሱሀይላ እናት ነኝ። ይህን ግልጽ ደብዳቤ የጻፍኩልዎት ቢሮዎ ሦስት ጊዜ መጥቼ፣ ሪሴፕሽን ላይ ያለችው ልጅ ኡስታዛ ሌክቸር እያዘጋጁ ነው ብላ ስለመለሰችኝ ነው። እንዲህ ያለው ትጋት በእኔ ምክንያት መቋረጥ አልነበረበትም።

ቲዎሪ የምትጠላ ያልተማረች ሴት አድርገው እንዳይቆጥሩኝ አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገርዎት። በአገሬ ሰዎች ሠርግ ላይ አሥራ ስምንት ዓመት መንዙማ አውርጃለሁ። ትንፋሽ ከየት እንደሚሳብ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ሁሉንም ከጉሮሮዬ ነበር የማወጣው፤ ዛሬ ከደንበኛ ጋር ዋጋ ስነጋገር ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ድምፄ ይዘጋል። ሐኪሙም የድምፅ አውታሬ ላይ እብጠት አለ ብሎኛል። በዕውቀት የሚያስተምሩ ሴት መጡ ሲባል፣ ልጄ በእኔ ዕድሜ ድምፅ ይኑራት ብዬ እጇን ይዤ ያመጣኋት ለዚህ ነው። ስለዚህ ምስጋናዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ልጄን አንድ ስንኝ ሳያስዜሙ የሳንባን ሥዕል በሦስት ቀለም ስላሣሏት አመሰግናለሁ። ሥዕሉ በጣም ያምራል፤ ደረቴን ቢያመኝ ወደ ማን እንደምሄድ አሁን አውቄያለሁ።

ሁለተኛ፣ መሠረቱ ሳይጸና ማዜም መጥፎ ልማድ ያስይዛል ብለው፣ ተማሪዎችዎን በክፍል ብቻ ሳይሆን በየቤታቸውም እንዳያዜሙ ስለከለከሉ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ልጄ ታዛዥ ናት፤ ዕቃ ስታጥብ እንኳን አፏን መዝጋት ተምራለች።

ሦስተኛ፣ የማዜም ፈተናውን በወረቀት ስለሰጡ። ሱሀይላ ከመቶ ዘጠና ስድስት አግኝታ በፕላስቲክ የተለበጠ ሰርተፊኬት ይዛ መጣች። አራቱን ነጥብ ያጣችው የጎድን አጥንት ቁጥር ተሳስታ ነው ተብያለሁ።

አራተኛውን ሰፋ አድርጌ እንድጽፈው ይፍቀዱልኝ። ባለፈው ወር የጎረቤታችን የሂባ ሠርግ ዳሚ ሰፈር ነበር፤ ሴቶቹም በእኔ ቦታ ሱሀይላ ታውርድ አሉ። በሲለበስዎ ውስጥ ስላላገኘሁት እንጂ ለእርስዎ መንገር ድፍረት ነው፤ መንዙማ አንዷ ታወርዳለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። አውራጇ ድቤውን መስማት፣ የተቀባዮቹን አፍ ማየት፣ አሮጊቶቹ ትንፋሽ ሲያጥራቸው ማሳጠር አለባት። ልጄ ተነሳች። መዳፏን ሆዷ ላይ አድርጋ እስከ አራት እየቆጠረች ሳበች፣ እስከ ሁለት እየቆጠረች ያዘች፤ ይዛ ስትጨርስ ድቤው መግቢያዋን አልፎ ሄዷል። እንደገና ጀመረች፣ እንደገና አለፋት። በሦስተኛው የሙሽራዋ አክስት ልታግዛት በጭብጨባ ብትመራት ጭራሽ ግራ ገብቷት ቆመች፤ ከዚያም ሠላሳ ሴት ፊት፣ ቀስ ብላ፣ የክፍሉ ሬዞናንስ አመቺ አይደለም አለች። መጀመሪያ አንዷ ሳቀች፣ ቀጥሎ ሁሉም። ከአሮጊቶቹ አንዷ፣ እማማ ዓሻ፣ በሻከረ ጉሮሯቸው ከእሷ ተረክበው አወረዱት፣ ቤቱም ተቀበላቸው። ልጄ ከድቤ መቺዋ ጀርባ ተቀመጠች፤ እጇን ከሆዷ ላይ አላነሳችም።

ይህንን በስልክ ብጽፍልዎት፣ የሁለተኛ ደረጃ ቲዎሪ እንደሚያስፈልጋትና ምዝገባው እስከ ወሩ መጨረሻ ክፍት መሆኑን በአክብሮት መለሱልኝ። እኔ ግን ልብስ ሰፊ ነኝ። አዲስ ተለማማጅ ሲመጣልኝ የስፌት መኪናውን ብሎን ሁሉ ስም ሰባት ወር አላስጠናም፤ ጨርቅ እሰጠዋለሁ፣ ክሩ ሲበጠስ የትኛው ዕቃ እንደበጠሰው አሳየዋለሁ፣ ያን ጊዜ ስሙን አይረሳውም። አንድ ሰዓት ሰሌዳ፣ አንድ ሰዓት አፍ ቢያደርጉት ሳይንሱ የሚቀየምዎት አይመስለኝም።

ልጄ ከሠርጉ ወዲህ ጭራሽ አታዜምም። አሁን እኔ ነኝ የምለምናት። ለምን ብዬ ብጠይቃት፣ አተነፋፈሴ ትክክል መሆኑን ሳላረጋግጥ ብጀምር እንደ አንቺ ድምፄን አበላሸዋለሁ ብላ እንደምትፈራ ነገረችኝ። ያን ዕለት ሱቄን ዘግቼ አለቀስኩ። እኔ ድምፄን የጨረስኩት ሰው እየሰማው ነው፤ የእሷን ግን ማንም ሳይሰማው ቆለፉበት። በዚህ አዝኜብዎታለሁ፣ ንቄዎታለሁም፤ በጨዋ አማርኛ የምጽፈው አስተዳደጌ ስለማይፈቅድልኝ ብቻ ነው።

ለዕውቀትዎ ካለኝ ከፍ ያለ አክብሮት ጋር፣ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ፣ ትከሻዬን ዘና አድርጌ፣ በአፍንጫዬ ስቤ በአፌ እየለቀቅሁ፣
ቢልቂስ፣ የሱሀይላ እናት
ኮድቡር፣ ሐርጌሳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከመጪው ጁምዓ ጀምሮ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ እማማ ዓሻና ሴቶቹ መስፊያ ቤቴ ይሰበሰባሉ። ሱሀይላ ለጊዜው ከተቀባዮቹ ጋር ትቀመጣለች፤ ስትፈልግ አፏን ትክፈት፣ ማንም አያስገድዳትም። እርስዎም መጥተው አንዲት ስንኝ ብቻ ቢያወርዱልን ሁላችንም በደስታ እንቀበልዎታለን። ይህን ለመጠየቅ የደፈርኩት ሃያ ሁለቱንም ተማሪዎችዎን አንድ በአንድ ጠይቄ፣ በሰባት ወር ውስጥ እርስዎ ሲያዜሙ የሰማች አንዲት ልጅ ስላጣሁ ነው።