የውሻው ዓይን

ሰኞ

አንድ ዓይኑ የለም! ከመሥሪያ ቤት ገብቼ ሶልያናን ሳነሳት አሻንጉሊት ውሻዋ በቀረችው ዓይኑ አፈጠጠብኝ። አልጋውን ገለበጥኩ፣ ምንጣፉን አራገፍኩ። የለም። ልጄ ገና ዓመቷ ነው፤ ያገኘችው ሁሉ ወደ አፏ ነው።

ውሻውን ለጥምቀት ያመጣችላት የክርስትና እናቷ አስናቁ ናት፤ ቡሬ ሱቅ አላት። ያኔም «ለዚህ ዕድሜ ይሆናል?» ብያት ነበር። «ኧረ በማርያም! እኔ ለልጅሽ ክፉ አመጣለሁ?» አለችኝ። ልቤ ስላልተቀበለው ቁም ሳጥን ላይ ላስቀምጠው አሰብኩ። ግን አበልጅ መጥታ ስጦታዋን ከልጅቱ እጅ ስታጣው «ናቁኝ» ትላለች። ይሉኝታዬን አፈር ይብላው!

ማክሰኞ

ጤና ጣቢያ። ነርሷ ደረቷን አዳመጠች፤ ትንፋሿ ደህና ነው። ፕላስቲክ በራጅ አይታይም አለችኝ። ካካዋን ጠብቂ፤ ደም ካየሽ ወይም ካስመለሳት ወደ ሆስፒታል ሩጪ። ውሻውንም ይዤው ነበር፤ የቀረችውን ዓይኑን ነቅለን አየናት። ከኋላዋ እንደ ሚስማር የሾለ ነገር አላት።

ከሰዓት ግምገማ ነበር። «ሐሳቧ ስብሰባ ላይ አይገኝም» ተባልኩ፤ እውነታቸውን ነው። ማታ እኔም በተራዬ ፖፖ ስገመግም አመሸሁ። ምንም።

ድንገት ብሌን ትዝ አለችኝ። የአስናቁ ልጅ፣ የሶልያና እኩያ። እሷም እንዲህ ያለ ውሻ ይኖራታል! ደወልኩ፤ ኔትወርክ እንቢ አለ።

ረቡዕ

ፈቃድ ወስጄ፣ ሶልያናን ለባሌ ለጌታሁን ትቼ፣ በመጀመሪያው ሚኒባስ ቡሬ ገባሁ። መንገዱን ሙሉ ስጸልይ የነበረው ለብሌንም ጭምር ነው።

ብሌን ሱቁ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣለች። ከጭንቅላቷ የሚተልቅ ኳስ፣ የፕላስቲክ ኩባያዎች፣ አንድ ማማሰያ። ውሻ የለም። ውሾቹ ከላይ መደርደሪያው ላይ ናቸው፣ ልጅ ከማይደርስበት።

«ለብሌን አልሰጠሻትም?» አልኳት።

«ብሌን እኮ ገና ሁሉን አፏ ውስጥ ትከታለች» አለች። ካለች በኋላ ነው የደነገጠችው።

«ሶልያናስ?»

ቀና ብላ ውሾቹን አየች፤ እኔም አየሁ። ከአንዱ ውሻ ጆሮ ሥር ትንሽ ጨርቅ ተንጠልጥላለች፤ የሕፃን ፊት፣ በላዩ ላይ ቀይ መስመር፤ ለሕፃን አይሰጥ ማለት ነው። በእኛ ውሻ ጆሮ ሥር የተቆረጠ ክር ብቻ ነው ያለው። «ምልክቱን ካዩ ሰው አይገዛም፣ አበልጄ፤ ለዚያ ነው የምቆርጠው» አለችኝ። እኔ ገዢ ነኝ? ልጄን ታቅፋ ከቅዱሱ ውኃ የተቀበለቻት እሷ አይደለችም? ይህን ሁሉ ልላት ፈልጌ ነበር። ሶልያና ዓይኑን እንደዋጠችው ብቻ ነገርኳትና ወጣሁ።

ሐሙስ

ሶልያና አልበላም ብላ ተነጫነጨች። ጥርስ ነው? ሆድ ነው? ሆዷን ስነካካ ዋልኩ።

የሶልያናን መጫወቻ ሁሉ አበጠርኩ። ከአፏ የሚያንስ፣ የሚነቀል፣ የሚሾል፣ ረጅም ክር ያለው፣ ሁሉም ወጣ። የተረፉት የጨርቅ ኳስና የወተት ጣሳ ናቸው። ከጣሳው ጋር ፍቅር ይዟታል፣ ምስኪን።

ጌታሁን «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» አለኝ። ጾም እየገባ ነው፣ አበልጅ ከሥጋ ዘመድ ይበልጣል፣ ሽማግሌ ይላክ። መጀመሪያ ዓይኑ ይውጣ አልኩት። ከዚያ ስለ ቂም እናወራለን።

አርብ

ወጣ! ጠዋት፣ ፖፖው ውስጥ፣ ጥቁር፣ ሙሉ። ደም የለውም። ጌታሁን እልል ሲል ጎረቤት ወጥቶ አየን፤ ምን ብለን እናስረዳ? እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ከሰዓት አስናቁ መጣች። ከቡሬ ድረስ፣ ነጠላዋን አደግድጋ፣ በር ላይ ቆመች። «ይቅር በይኝ። ለልጄ ያሰብኩትን ለልጅሽ አላሰብኩም» አለች። ሌላ ሰበብ አላበዛችም፤ እሱ ይባስ አሳዘነኝ። ብትዋሸኝ ይቀለኝ ነበር።

ግቢ አልኳት። ሶልያና ስታያት ሳቀች፣ ሁለት እጇን ዘረጋችላት፣ ልትሄድላት ከእቅፌ ተፍጨረጨረች።

አልሰጠኋትም።