የድንጋይዋ ሴት በአብላጫ ድምፅ ስለ መነሣቷ

ለክቡር አቶ ዲንሳ ዋቅጅራ
የሠፈራችን መዝናኛ አዳራሽ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ላፍቶ

ክቡር ሆይ፤ ይህ ጽሑፍ ሲደርስዎ ጤናዎ የተሟላ፣ እንቅልፍዎ የሰመረ፣ ስብሰባዎም የበዛ እንዲሆን ምኞቴ ነው። ስለ እኔ ጤና ቢጠይቁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ይበላል፣ ይተኛል። ደብዳቤውን በቢሮዎ በር ሥር ማስገባት እየቻልሁ በአዳራሹ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ መለጠፌ እንደ ድፍረት አይቆጠርብኝ፤ ውሳኔዎን ያነበብነው እዚሁ ሰሌዳ ላይ ስለሆነ ምስጋናውም ከጎኑ ቢሆን ይሻላል ብዬ ነው። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል ስላላለፈ የአጻጻፍ ጉድለት ቢገኝ በትልቅነትዎ ይለፉኝ።

ነገሩን ለማያውቅ አላፊ አግዳሚ ባጭሩ ልናገር። አዳራሻችን ባለ ሦስት ክፍል የተረት ፊልም በቪዲዮ ሲያሳየን ቆይቷል። በመጀመሪያው ክፍል አንድ የውኃ ጉድጓድ ጠባቂና ሚስቱ ውኃቸውን ከጨካኝ ንጉሥ ያድናሉ፤ በሁለተኛው ንጉሡ ተበቅሎ ሚስቲቱን በአስማት ድንጋይ ያደርጋታል፤ በሦስተኛው ባልየው ድንጋይን ሥጋ የሚያደርግ ውኃ ፍለጋ ሰባት አገር ይዞራል። ሁለቱን ክፍሎች ያየሁት ከባለቤቴ ከተናኘወርቅ ጋር፣ ከኋላ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ነው። ፊልም የምትወደው እሷ ነበረች፤ እኔ እሷን ላድርስ እያልሁ ነበር የምገባው። ሦስተኛው ካሴት ሳይመጣ ታመመች። አልጋ ላይ ሆና፣ «እንግድዬ፣ እኔስ የምደርስበትም አይመስለኝ። አንተ ግን ገብተህ እያት። ተነሣች ወይስ እንደዚያው ቀረች፣ መጥተህ ንገረኝ» አለችኝ። እሺ አልኋት። ካሴቱ የመጣው አርባዋን ካወጣን በኋላ ነው።

ይህን ካልሁ ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፤ ስለ ካሴቱ። ባልየው ውኃውን ተሸክሞ ድንጋይዋ ፊት ደረሰ፤ እንስራውን አዘነበለ፤ ውኃው ግንባሯን ሊነካ ሲል ምስሉ ተንቀጠቀጠና እርስዎ መጡ። ግራጫ ሱፍዎን ለብሰው፣ በእህትዎ ልጅ ሠርግ ላይ ትከሻዎን እየሰበቁ። ባዶ ካሴት ያጣ ሰው የሕዝብ አዳራሽ ፊልም ጅራት ላይ የዘመዱን ሠርግ መቅዳቱ ቁጠባ ስለሆነ፣ ለቁጠባዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ። በእስክስታዎም ላይ ነቀፌታ የለኝም። ተርጓሚያችን ሞልቱ፣ ዘወትር ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ ፈረንጆቹ የሚሉትን በአማርኛ የሚነግረን፣ ያን ጊዜም አፉ አልተያዘም፤ «ይኸው ወገኖቼ፣ ነቅታለች! ሠርጓም ተደግሷል! አቶ ዲንሳም ከባሕር ማዶ ድረስ ተጠርተው መጥተዋል!» ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅሁም፤ አልተናደድሁምም። የአዳራሹ ጠራጊ መጥረጊያ እግሬ ሥር እስኪደርስ ድረስ ተቀምጬ እንደ ነበር በኋላ ከሰው ሰማሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ ክርክሩ። ፍጻሜውን በማጉደልዎ ለሠፈሩ ወጣት ሥራ ፈጥረዋል። ጎሚስታው ሚሳኤል ነቅታለች ባይ ነው፤ «ሰባት አገር የዞረ ሰውዬ ሚስቱን ካላገኘ ምኑን ፊልም ሆነ? እኔም እዚሁ ጎማ ስለጥፍ ብውል አይሻለኝም ነበር?» ይላል። ጨርቅ ሻጯ ሰሀር ደግሞ ከሱቋ ደጃፍ ላይ ሆና፣ «አንተ ሠርግ ካላየህ አለቀ አትልም! ሴትየዋ እኮ ድንጋይ ነው የሆነችው፣ ጉንፋን አልያዛትም!» ትለዋለች። ንጉሡ ሳይቀጣ ቀረ ብሎ የሚያዝን አለ፤ ሁለተኛው ክፍል ላይ ቢያበቃ ይሻል ነበር የሚል አለ፤ መንገዱ ራሱ በቂ ነው፣ ፍጻሜ ምን ያደርጋል የሚልም አንድ ሁለት አለ። እኔ ብቅ ስል ግን ሁሉም ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ «ጋሼ እንግዳ መጡ» ይባባላሉና ወሬው ወደ ኳስ ይዞራል። ይሉኝታቸው የሚያስመሰግናቸው ነው። እኔ ግን ቢቀጥሉ እወድ ነበር። ሁለቱም ወገን የሚለው ሁሉ እኔም ቤት ብቻዬን ሆኜ የምለው ነው።

ሦስተኛ፤ ስለ ስብሰባው። ሞልቱ መርካቶ ካሴት ከሚያከራይ ሰው ዘንድ ሙሉው ፊልም እንዳለ ደርሶበት፣ ይምጣና ፍጻሜው ይታይ ብሎ ለኮሚቴው ሲያመለክት፣ እርስዎ ካሴቱን ከማስመጣት ይልቅ ሕዝቡን ሰበሰቡ። ክርክሩ የሠፈሩን ሰላም ስለሚያውክ በድምፅ ይለቅ አሉ። «ነቅታለች የምትሉ እጅ አውጡ!» ሲሉ ሚሳኤል ሁለቱንም እጆቹን አወጣ፤ ወዲያው ከጎኑ ያለውም፣ ከዚያም ወዲህ ያለውም፣ እንደ ልማዳችን ሁሉም የጎረቤቱን ክንድ እያየ አወጣ። ሰሀር ብቻ፣ «ድንጋይዋስ ተጠይቃለች?» ብላ አጀንዳ አበላሸሽ ተባለች። ሴትዮዋ በአብላጫ ድምፅ ነቃች፤ እጁን ያላወጣም እንደ ደጋፊ ተቆጠረ፤ የተወሰነ ጉዳይ መልሶ ስለሚከፍት ሌላ ካሴት ማምጣት ተከለከለ። የውጭ አገር ሰዎች ሦስት ፊልም ሙሉ የደከሙበትን እርስዎ ሻይ ሳይደርስ ጨርሰውታልና በእውነት ምስጋና ይገባዎታል።

አራተኛው ስለ እጄ ነው፤ እዚህ ላይ የእርስዎ ጥፋት የለበትም። እጄ አልወጣም። ዘወትር ጠዋት ስጸልይ የሙታንን መነሣት ተስፋ አደርጋለሁ እላለሁ። ታዲያ ለአንዲት የተረት ሴት ትነሣ ብዬ እጄን ባወጣ ምን ነበረበት? ማንንም አይጎዳም፤ ዘመዱም ጎረቤቱም አውጥቷል። «አልነቃችም የምትሉ» ሲባልም አልወጣም። ጉልበቴ ላይ እንደ ሰው ዕቃ ተቀምጦ ነበር፤ አየሁት። የነፍስ አባቴን ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ ፊልም ነው፣ ተወው» አሉኝ። ልክ ናቸው። ግን ጸሎቱን በአፌ ብቻ ስለው ኖሬ ይሆን ወይስ ለቅሶው ሳይወጣልኝ ቀርቶ ይሆን፣ እስካሁን አላወቅሁትም። ከቀብሯ ወዲህ አላለቀስሁም። ምናልባት ያቺ ሴት ስትነሣ ወይም ስትቀር ብመለከት አንድ ነገር እሆናለሁ ብዬ ነበር የገባሁት፤ ምንም ቢሆን፣ አንዱን።

እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጎፋ ገብርኤል መቃብሯ ዘንድ እሄዳለሁ። ሳሩን እነቅላለሁ፣ ጸሎቴን አደርሳለሁ፣ ተመልሼ እመጣለሁ፤ የነገርኋት ነገር የለም። የኮሚቴውን ውሳኔ ላነብላት አስቤም ነበር። ተናኘወርቅን ግን አውቃታለሁ፤ «ቆይ፣ አንተ አየሃት?» ነው የምትለኝ። አላየሁም። ያየሁት እርስዎን ነው።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ናት። ሙሉው ካሴት ይምጣና የመጨረሻዋ ቁራጭ አንድ ጊዜ ትታይ። ሕዝቡን ያውካል የሚሉ ከሆነ በሩ ተዘግቶ ለእኔ ብቻ ትታይ፤ ሞልቱም ባይተረጉም ግድ የለም፣ መነሣትና አለመነሣት ያለ አስተርጓሚም ይታያል። ውሳኔዎ ሰሌዳው ላይ እንደ ተለጠፈ ይቆይ። ድንጋይ ሆና ከቀረችም ለባለቤቴ እንጂ ለማንም አልናገርም፤ እሷም ኮሚቴ ዘንድ ቀርባ አቤት የምትል አይደለችም።

የሰው ተረት ፍጻሜ ሳይቀር የተሸከመውን ጫንቃዎን ፈጣሪ ያጽናልን፣ ወንበርዎንም ከመንቀጥቀጥ ይጠብቅልን እያልሁ፣ ድምፅ ሳልሰጥ ደጋፊ ሆኜ የተቆጠርሁልዎ፣

ሁልጊዜም አክባሪዎ
እንግዳ ማናዬ
ግንቦት ፲፱፻፹፱ ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ውሳኔው የጸና ነው፣ ካሴቱም አይመጣም ከተባልሁ እቀበላለሁ። ብቻ አሠራሩ ለፊልም ሴት ከሠራ ለሠፈራችን ሴትም ሳይሠራ አይቀርምና፣ በሚቀጥለው ስብሰባ «የወይዘሮ ተናኘወርቅ መነሣት» የሚል አንድ አጀንዳ ያስይዙልኝ፤ ፈጣሪ ድፍረቴን ይቅር ይበለኝ። አብላጫ ድምፅ የተገኘ እንደሆነ የምትመጣበትን ሰዓት አስቀድመው ቢያስታውቁኝ ደግ ነው። ቤቱን ማጽዳት አለብኝ፤ እንዲህ ሆኖ እንድታገኘው አልፈልግም።